ከማዶ የተመለሰው ፋይል

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ በሕይወት መኖሬን ላስመዘግብ ወደ ገዛ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው መኖር ሳጣራ የኖርኩበት ቤት ነው፤ ተራው ደረሰኝና እኔም ተሰለፍኩ። በር ላይ ካለችው ማሽን ቁጥር ያለባት ወረቀት ወስጄ ተቀመጥኩ። ቁጥሬ ግድግዳው ላይ ሲበራ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ፣ ሥራ ስትጀምር ፋይል እንዴት እንደሚታሰር ያሳየኋት ልጅ ናት። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል "ጣትዎን" አለችኝ። ጣቴ አልነበብ አለ። በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። "ተመዝግበዋል" አለችና የሚቀጥለው ቁጥር በራ።

አልፈርድባትም። ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወርዷል፣ እሷም ሰው ናት። ግን ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ በእግሬ ስወርድ አንድ ነገር ገባኝ፤ ከነጋ ስሜን የጠራ ሰው የለም። ቤት ገብቼ ሳስበው ደግሞ፣ ከነጋ ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ የጠራኝ የለም። ባለቤቴ ከሞተ ቆየ፣ ልጅ አልሰጠንም። የታክሲ ረዳቱ "እናት" ይለኛል፣ ባለሱቋ "ማዘር" ትለኛለች። ፈለቀች ደሳለኝ እባላለሁ። ይኸው፣ ራሴ ጠራሁት።

ይህን የማነሳው ሆድ ብሶኝ ብቻ አይደለም፤ ሆድስ ብሶኛል። ስም መጥራት ሥራዬ ስለነበረ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ጡረታ የወጡ አስተማሪዎችንና የራሱን ሠራተኞች መዝገብ የሚይዝ ነበር። የገባሁት በታይፒስትነት ነው። ስመታ ፊደል እየዘለልኩ አስቸገርኳቸው መሰለኝ፣ በስድስተኛው ወር ወደ መዝገብ ቤት ወረወሩኝ። ያኔ መዝገብ ቤት ማለት የቅጣት ቦታ ነው፤ ሰው ተጣልቶ ነው የሚላከው። ደሞዙን አልናገረውም፣ ያው ነው። አለቆችም ተፈራረቁብኝ። አንዱ ስብሰባ ካልጠራ ቀኑ የሚመሽለት አይመስለውም ነበር፤ አንዷ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፣ ለመግባት ማስፈቀድ ነበረብን። የእነሱን ነገር ልተወው። እኔን ለወግ ያበቃኝ አለቃ አልነበረም።

ለወግ ያበቁኝ ጋሽ በየነ ናቸው፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ። አስተማሪ ነበሩ። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ሲዘጋ ከክፍል አውጥተው ወደዚህ አዛወሯቸው። ሲናገሩ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ያቺን አንድ ቡናማ ባርኔጣ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። መዝገብ ቤት በገባሁበት ቀን እጄን አስታጠቡኝ። ፋይል ለመንካት እጅ መታጠብ! እኔ ነገረኛዋ በልቤ "እኚህ ሰውዬ ነካ አድርጓቸዋል" አልኩ።

ጡረተኛ በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጣል፤ አለዚያ መዝገቡ ይታገዳል። ሌላ ቦታ ሰው መታወቂያ አሳይቶ፣ ፈርሞ ይሄዳል። ጋሽ በየነ ግን የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ሽማግሌዎቹና ባልቴቶቹ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። እሳቸው የዕለቱን ፋይሎች ፊታቸው ደርድረው፣ ልክ እንደ ክፍል ኃላፊ ከነአባት ስም እያነሱ ይጠራሉ። የተጠራው "አቤት!" ይላል። ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ሲጠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲጠሩ ፊታቸው ይበራል። እጇን የምታወጣ ባልቴት ነበረች። አርፍዶ የገባውን "ከውጭ ተንበርከክ" እያሉ ይተራረባሉ። የጋሽ በየነ ድምፅ ስለማይሰማ፣ ያ ሁሉ ሰው የራሱ ስም እንዳያመልጠው ጸጥ ይላል።

የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ነገሩኝ። ፊርማ ሌላ ሰው ሊፈርመው ይችላል፣ ፎቶም ያረጃል፤ ሰው ግን ስሙ ሲጠራ ቀና የሚልበት መንገድ አለው፣ እሱን ማስመሰል አይቻልም አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የሟች ወንድሙን መታወቂያ ይዞ የመጣ አንድ ሰው አስታውሳለሁ። መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። ስሙ ሲጠራ ግን ወዲያው ቀና አላለም፤ አጠገቡ ያሉትን አየት አየት አደረገና ዘግይቶ "አቤት" አለ። ጋሽ በየነ ክንዱን ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጡት፣ ብዙ ቆዩ። ሰውየው ዓይኑን እየጠረገ ሄደ። ዘበኛም አልተጠራ፣ ክስም አልቀረበ።

በሁለተኛው ዓመቴ ጥሪውን ለእኔ ሰጡኝ። "ይህን ጉሮሮ እግዜር በከንቱ አልሰጠሽም" አሉኝ። እውነትም የእኔ ድምፅ ከካዛንቺስ ቄራ ይሰማል ይሉኝ ነበር።

ፋይል በክር ነው የሚታሰረው። በሕይወት ላለ ሰው አንድ ቋጠሮ፣ በቀላሉ የሚፈታ። ለሞተ ሰው ሁለት ቋጠሮ፣ ጠበቅ ተደርጎ። ከዚያ ፋይሉ ከኮሪደሩ ወዲያ ወዳለችው ክፍል ይሄዳል። ያቺን ክፍል "ማዶ" እንላት ነበር። ጋሽ በየነ ፋይል ወደ ማዶ ሲያሻግሩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ስሙን ለመጨረሻ ጊዜ ይጠሩና ቆመው ይጠብቃሉ። አቤት የሚል እንደሌለ እያወቁ ይጠብቃሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው፣ ለጥንቃቄ ነው አሉኝ። አሾፉብኝ መሰለኝና ሳቅኩ።

ሁለት ዙር የቀረ ሰው ከሆነ ቤቱ እንሄዳለን፣ በእግራችን። የእሳቸው ሕግ አንድ ነበር፤ ሰውየውን ራሱን ወይም የተቀበረበትን ወረቀት ሳታዪ አታሻግሪ። መንገዱንም አስተማሩኝ።

"ቤቱ ከመግባትሽ በፊት ባለሱቁን ጠይቂ" ይሉኝ ነበር። "ቤተሰብ ያፍራል፣ ጎረቤት ይደብቃል። ባለሱቅ ግን ማን ዳቦ መግዛት እንዳቆመ ያውቃል።"

ስንቱን አገኘንበት! እግሯ ተሰብሮ ተኝታ የምትጠይቃት የጠፋች አስተማሪ በባለሱቅ አገኘናት። ገጠር ለቅሶ ሄደው ዝናብ መንገድ የዘጋባቸውን ሰው በባለሱቅ ሰማን። እኔም ሰፈሩን በሱቅ ነው የማውቀው፤ ካዛንቺስን ከነጓሮዋ፣ ከባምቢስ ጀርባ እስከ ቄራ ድረስ።

ጋሽ በየነ ጡረታ ወጥተው ቄራ አካባቢ ቤታቸው ገቡ። መጀመሪያ ላይ እሑድ እሑድ እሄድ ነበር። ከዚያ በወር፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ። ደግሞ ባለቤቴ ታመመ፣ እሱን ሳስታምም ሳስቀብር ዓመት አለፈ። የጋሽ በየነን ሞት የሰማሁት ከሰው አይደለም። የእሳቸውም መዝገብ እኛው ዘንድ ነበርና፣ የቀብር ወረቀታቸው ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ማንበቤን ስቀጥል ነው ስማቸውን ያየሁት። እጄን ታጥቤ መጣሁ። ሁለት ቋጠሮ አሰርኩላቸው፣ ወደ ማዶ ወሰድኳቸው፣ ስማቸውን ጠርቼ ቆምኩ። ያን ቀን ነው መጠበቁ የገባኝ። አፈር ልብላ፣ ሁለት ፌርማታ የማይሞላ መንገድ ነበር የሚለየን።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። አዲሱ አለቃችን ወጣት ነው፣ ክፉ አይደለም፣ ግን "በቃ ሲስተም ላይ እናስገባው" ከማለት ሌላ አያውቅም። ፋይሉ ሁሉ በተቆረጠለት ቀን እንዲገባ ተባለ። ያልለየላቸው ፋይሎች፣ ማለትም ሁለት ዙር የቀሩት፣ ሕያው ወይም ሟች ተብለው መለየት አለባቸው። ቤት ለቤት የምሄደው እኔ ብቻ ቀረሁ። ከእነዚያ ፋይሎች አንዱ የመምህር ላቀው ተሰማ ነበር። ፋይሉ ላይ ያለው ፎቶ የጎረምሳ ነው፤ ጎፈሬ ያበጠረ፣ ባለ ሰፊ ኮሌታ ሸሚዝ። በጥሪ ላይ አይቻቸው ይሆናል፤ ከስንት መቶ ሰው አንዱን በመልክ መያዝ አልቻልኩም ነበር።

ሰፈራቸው ያው ካዛንቺስ ነው፣ አሮጌዎቹ ቤቶች ያሉበት። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ተዘግቷል። ወደ ቤታቸው ጠምዘዝ ስል በሩ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሱቁ ለምን እንደተዘጋ ገባኝ፤ ባለሱቁ ለቅሶ ላይ ነው። እግሬም ወደዚያው ወሰደኝ።

አሁን እዚህ ላይ ስደርስ ፊቴ ይግላል። ለቅሶ ቤት ገብቶ "ማን ነው የሞተው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? ነውር ነው። ጎንበስ ትያለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ ዝም ትያለሽ። ጥግ ላይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ንፍሮ ዞረ፣ እፍኝ ወሰድኩ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ "ደጉ ቤት፣ የተማሪ ቤት" እያሉ ነው። የአስተማሪ ቤት ነው፣ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰውየው ሁለት ዙር ቀርተዋል። ሌላ ምን ልጠብቅ? ስነሳ ሽማግሌውን "እግዜር ያጽናችሁ" አልኳቸው። በጭንቅላታቸው መለሱልኝ።

የቀብር ወረቀቱን ነገ ከነገ ወዲያ አመጣዋለሁ ብዬ፣ ማምሻውን ቢሮ ተመልሼ ሲስተሙ ላይ "ሟች" ብዬ አስገባሁ። ሁለት ቋጠሮ። ማዶ። ስማቸውን ጠርቼ መጠበቁንም በችኮላ ተውኩት። ሌላ ሥራ ተደራረበና ለወረቀቱ አልተመለስኩም።

የሞቱት የመምህር ላቀው እህት ነበሩ። እሳቸውን ይዘው አብረው የሚኖሩ ታላቅ እህታቸው። መምህር ላቀው ሁለቱን ዙር የቀሩት እህታቸውን ሲያስታምሙ ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ መምህር ላቀው መጥተው ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ስማቸውን ጽፎ ስክሪኑን አየ። ከዚያ በትሕትና፣ እኚህ ሰው አርፈዋል፣ እርስዎ ምናቸው ነዎት አላቸው። እሳቸውም ትንሽ ካሰቡ በኋላ "ጎረቤት" አሉት። ይህን ልጁ በኋላ ነው የነገረኝ። ወደ ቤታቸው አልሄዱም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ ያኔም ቢሆን በጋሽ በየነ ሥርዓት እየጠራሁ ነበር፤ አለቃዬ ዝም ብሎ ትቶልኝ ነበር። ሦስት ቀን ተመላልሰው ተቀመጡ። እኔ የጥሪውን ፋይል ከሕያዋኑ መደርደሪያ ነው የማወጣው። ያንን ሁሉ ስም በዚያ ጉሮሮዬ ስጠራ፣ እሳቸው የራሳቸውን እየጠበቁ ሰሙኝ። አይቻቸዋለሁ እኮ! ባለ ጋቢ ሽማግሌ፣ ሰው ሊያደርሱ የመጡ ይሆናሉ ብዬ አለፍኳቸው። በአራተኛው ቀን አልመጡም።

ነገሩን ያወቅሁት ካዛንቺስ ስትፈርስ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ ያ ባለሱቅ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ሲጭን አገኘሁት። ስንት ዓመት ሰው ያፈላለግኩበት ሱቅ ነው፣ ቆሜ ተሰናበትኩት። ከወሬ ወሬ፣ መምህር ላቀው ነፍሳቸውን ይማር አልኩ። ካርቶኑን እንደያዘ ዞሮ አየኝ።

"ምን ሆንሽ? ትናንት ዕቃቸውን የጫንኩላቸው እኔ ነኝ" አለኝ።

አጥሩ ላይ ተደገፍኩ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ እዚያው መንገድ ላይ ነገረኝ፤ እህትየው መሞታቸውን፣ ሽማግሌው ብቻቸውን መቅረታቸውን፣ ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም መግባታቸውን። ጡረታው ስለቆመባቸው ወራት ሙሉ የሚበሉትን በዱቤ ሲሰጣቸው የኖረ እሱ ነበር፤ ለምን እንደቆመ ሲጠይቃቸው "መዝገብ ላይ የለሁም" ይሉት ነበር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። በእኔ አለመጠየቅ የቀረው የአንድ ሰው መኖር ነው።

አለቃዬ ዘንድ ሄጄ አጠፋሁ አልኩ። አልጮኸብኝም፣ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። የሞተን ሰው ሲስተሙ እንዲሁ አይመልስም፤ በደንብ የሚያውቋቸው ሦስት ምስክሮች ይቅረቡ ተባለ። ሦስት ሰው ምን አላት ትሉ ይሆናል። ሰፈሩ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ድንኳን ውስጥ የነበረው ያ ሁሉ ሰው አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ ሄዷል። ባለሱቁ አንድ ሆነ። የዕድሩን ጸሐፊ ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ፤ ሁለት ሆኑ። ሦስተኛዋ በልጅነቷ ያስተማሯት ሴት ናት፣ ቄራ ሥጋ ቤት ያላት። ስነግራት ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ ልትከተለኝ ተነሳች። ቀኑ ገና ነው ብዬ አስቀመጥኳት።

ከዚያ በፊት ግን እሳቸው ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። አራተኛ ፎቅ። ወለሉ ላይ ገና ያልተፈታ ዕቃ አለ። አንድ ወንበር ነው ያለው፣ እሱን ለእኔ ሰጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳደረግኩ ተናገርኩ። ቀና ብለው ፊቴን አዩት።

"አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር" አሉኝ። "ቦታ የለቀቅኩልሽ እኔ ነኝ።"

አለቀስኩ። እሳቸው ጠበቁኝ፣ ልክ ተማሪ አልቅሶ እስኪጨርስ እንደሚጠብቅ አስተማሪ።

"ማን ሞተ ብለሽ ብትጠይቂ ምን ነበረበት?"

"ነውር መሰለኝ፣ ጋሼ።"

"ነውርስ ነው" አሉና መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ይቅርታ ለመንኳቸው። እግዜር ይቅር ይበልሽ አሉኝ። እንዲያ ሲባል እሳቸው ገና ይቅር እንዳላሉኝ ይገባኛል፤ ሞኝ አይደለሁም። ስሜን ከነአባቴ ስም፣ ስልኬንም ጨምሬ ወረቀት ላይ ጽፌ ትቼ ወጣሁ።

ፋይሉ የተመለሰ ቀን ድርብ ቋጠሮውን የፈታሁት በጥርሴ ነው። ጋሽ በየነ ለምን አጥብቀው እንደሚያስሩት አሁን ገባኝ፤ የሚያስር ሰው ደጋግሞ እንዲያስብበት ነው። ከማዶ ወደ ወዲህ ፋይል ሲሻገር በዘመኔ ያ ብቻ ነው። እሳቸው ለምዝገባው መጡ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የእሳቸውን ፋይል ከላይ አድርጌ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ "መምህር ላቀው ተሰማ!" ብዬ ጠራሁ። ዝም። ሰው ሁሉ ዞሮ ማን ይሆን ብሎ ይጠብቃል። እሳቸው ቀስ ብለው ተነሱ፣ መጡ፣ ፈረሙ፣ ሄዱ። አቤት አላሉም። በቀጣዩ ዙርም እንዲሁ። ፈርመው ለሄዱ ሰው መዝገቡ ሞልቷል፣ ለሕግ በቂ ነው። ለእኔ ግን አልበቃም፤ ጋሽ በየነ ካስተማሩኝ አንፃር መምህር ላቀው ገና አልተመለሱም።

ከዚያ ጥሪው ቀረ። ቁጥር የምትሰጠዋ ማሽን መጣች፣ ጣት መጣ። ፈጣን ነው፣ ሥርዓት አለው፣ እኔ እንዳጠፋሁት ዓይነት ጥፋትም ይቀንሳል ይላሉ፤ ይሁን። የመጨረሻውን ዓመት ቁጥር ሳይ ዋልኩ። ስሸኝ ግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ቤቴ ውስጥ ከእሱ ሌላ ድምፅ የሚያሰማ ስለሌለ ባትሪውን አውጥቼ አስቀመጥኩት።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መምህር ላቀው ዘንድ በወር አንዴ እሄዳለሁ። የሁለት ታክሲ መንገድ ነው። በሩ ላይ ቆሜ እንደ ድሮው ስማቸውን ከነአባታቸው እጠራለሁ። እሳቸው ዝም ብለው ይከፍቱልኛል። ሻይ ያፈላሉ። ስለ ድሮ ተማሪዎች ያወሩኛል፣ እኔ ስለ ጋሽ በየነ አወራላቸዋለሁ። ስሜን አንድ ቀን ጠርተውት አያውቁም፤ "አንቺ" ወይም "ልጄ" ነው። ታች ያሉትን ጎረቤቶች እንደማያውቋቸው፣ እነሱም እንደማያውቋቸው ነግረውኛል። በደረጃው ላይ ሰላም ተባብለው ያልፋሉ፣ በቃ።

ባለፈው ሰሞን ስደውል ስልካቸው ዝግ ሆነ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ባለሱቁ ጋ ደወልኩ፣ እሱም አላገኛቸውም። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሄድኩ። ከታክሲ ወርጄ ወደ ሕንፃው ተጠጋሁ። ግቢው መሃል፣ ልክ በእሳቸው ደረጃ ፊት ለፊት፣ ድንኳን ተተክሏል።

ሰው አየኝና ቦታ ለቀቀልኝ። ጎንበስ ብዬ ልቀመጥ ነበር፤ ልማድ መጥፎ ነው። ከዚያ ቀና አልኩ። በዚያ ጉሮሮዬ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "የማን ለቅሶ ነው?" አልኩ።

ንፍሮ የያዘችው ሴት ቀጥ ብላ ቀረች። አንዱ ጎልማሳ ያበደች መሰልኩት፣ ክንዴን ሊይዘኝ ተነሳ። ደግሜ ጠየቅሁ። በመጨረሻ ጥግ ያለች ልጅ፣ የሁለተኛ ፎቋ የወይዘሮ አስናቀች ነው አለችኝ። ነፍስ ይማር አልኩ። ለለቀስተኛው አንገቴን ሰብሬ ወጣሁና ደረጃውን ያዝኩት።

አራተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሽ አጥሮኛል። አንኳኳሁ። ዝም። የወይዘሮ አስናቀች መሆኑ እሳቸው አሉ ማለት አይደለም። "መምህር ላቀው ተሰማ!" ብዬ ጠራሁ። ዝም። ደግሜ አልጠራሁም። ጋሽ በየነ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደሚጠብቁት፣ ነጠላዬን ከራሴ ላይ አውርጄ ቆሜ ጠበቅሁ።

"አቤት" አሉ ከውስጥ።

በሩ ሲከፈት ጋቢያቸውን እንደደረቡ ናቸው። ስልኩ ባልዲ ውስጥ ገብቶብኝ ነው አሉኝ። እኔ የበሩን ጠርዝ ይዣለሁ። ወደ ታች፣ ወደ ድንኳኑ በአገጫቸው አመለከቱ።

"ሁለት ቀን ተቀመጥኩበት። የማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።"

"የወይዘሮ አስናቀች ነው፣ የሁለተኛ ፎቋ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ጠየቅሁ።"

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ በሩን እስከ ግድግዳው ወለል አድርገው ከፈቱት።

"ግቢ፣ ፈለቀች ደሳለኝ" አሉኝ።

"አቤት" አልኩና ገባሁ።